ቀዳዳ የሌለው ስልክ፦ የድምፅ ማገናኛ ከመግዛትሽ በፊት

አዲሱን ስልክሽን ገዝተሽ፣ ካርቶኑን ከፍተሽ፣ የድሮ ኢርፎንሽን ልትሰኪ ስትይ መሰኪያው የለም። ያለው የቻርጀሩ ቀዳዳ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ስትሠሪ ውለሽ፣ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ከእናትሽ የመጣውን የድምፅ መልእክት ማንንም ሳትቀሰቅሺ ልትሰሚ ነበር። አንዷ ጓደኛሽ "አዳፕተር ግዢ" ትልሻለች፤ ሌላዋ "ዳክ የሚባል አለ፣ ድምፁ ልዩ ነው" ትላለች፤ ባለ ሱቁ ደግሞ ከሁሉም ውዱን አውጥቶ ያስቀምጥልሻል። ይህን የምጽፍልሽ ያን ዕለት የላብሽን ገንዘብ በከንቱ እንዳታወጪ ነው።

ነገሩን በደንብ የተማርኩት ኤደን ውስጥ ነው። ለአስተርጓሚነት ሥራ ሄጄ ተዋሂ በሚባለው የወደብ ሰፈር ሰንብቼ ነበር። እዚያ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት የወሎ ልጅ ተዋወቅሁ። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ "እህቴ፣ የእኔ ዐረብኛ የወጥ ቤት ዐረብኛ ነው፤ እስቲ ሱቅ አብረሽኝ ግቢ" አለችኝ።

ከሳምንት በፊት ከአንድ ሱቅ በ10 የሳዑዲ ሪያል አጭር ማገናኛ ገዝታ ነበር። በኤደን ገበያ የሳዑዲ ሪያልም ይሠራበታል። የማገናኛው አንዱ ጫፍ የስልኩ ቻርጀር ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ ሌላው ጫፍ ኢርፎኑን ይቀበላል። ማታ ሰክታ የእናቷን መልእክት ስትከፍት፣ ድምፁ በኢርፎኑ ሳይሆን በስልኩ ስፒከር ወጣና የተኛውን ሕፃን ቀሰቀሰ። ማዳሟ ተቆጣች። በማግስቱ ወደ ሱቁ ብትመለስ ሻጩ "ማገናኛው ደህና ነው፤ የተበላሸው ስልክሽ ነው" አላት። አመነችው። እኔን ያገኘችኝ ስልኳን ለጠጋኝ ልትሰጥ ስታስብ ነው።

ስልኳ አልተበላሸም ነበር። ማገናኛውም አልተበላሸም። ሁለቱ የማይግባቡ ዕቃዎች ነበሩ እንጂ።

ሳይሞክሩ መክፈል በተዋሂ

ተዋሂ የድምፅ ዕቃ የሚሸመትበት የቆየ ሰፈር ነው። እንግሊዞች ስቲመር ፖይንት ይሉት ነበር። ኤደን እ.ኤ.አ. በ1850 ከቀረጥ ነፃ ወደብ ተባለች። የስዊዝ ቦይ በ1869 ሲከፈት ደግሞ በአውሮፓና በእስያ መካከል ከሚመላለሱት መርከቦች ብዙዎቹ እዚያ ጎራ ማለት ጀመሩ። መርከቡ ነዳጅ እስኪቀዳ መንገደኛው ወርዶ ሰዓት፣ ካሜራና ሬዲዮ ያለ ቀረጥ ይገዛ ነበር። የኪስ ትራንዚስተር ሬዲዮ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የወጣው በ1954 ነው፤ የኤደን ሬዲዮም በዚያው ዓመት ሥራ ጀመረ፤ ቤቱም ተዋሂ ነበር። በ1967 ቦዩ ሲዘጋና እንግሊዞች ሲወጡ ያ ገበያ ተቀዛቀዘ። በ1890 ኮረብታው ላይ የተሠራው የሰዓት ማማ ግን ዛሬም ቁልቁል ወደቡን ያያል።

ይህን የማነሣልሽ ለአንድ ምክንያት ነው። ሬዲዮ የሚገዛ ሰው ጣቢያ ይዞ ሳይሰማ ገንዘብ አይቆጥርም። ዛሬ ማገናኛ ስትገዢ ግን በላስቲክ ታሽጎ ይሰጥሻል፤ ከፍለሽ ትወጫለሽ፤ ቤትሽ ገብተሽ ነው የምታውቂው። እኔና የወሎዋ ልጅ ያን ቀን ሁለተኛ ሱቅ ስንገባ፣ መጀመሪያ የተስማማነው እዚያው በራሷ ስልክ ሳንሞክር ላለመክፈል ነበር።

ተርጓሚውና ማጉያው

ስልክሽ ዘፈኑንም የእናትሽንም ድምፅ የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። ጆሮ ደግሞ ቁጥር አይሰማም፤ የሚሰማው የአየር ንዝረት ነው። ስለዚህ መካከል ላይ ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለውጥ ቺፕ ያስፈልጋል። ዳክ የሚሉት ይህንን ነው። ዐረቦቹ "ሙሐዊል" ይሉታል፤ ለዋጭ ማለት ነው። እኔ ከዐረብኛ ወደ አማርኛ እንደማዞረው፣ እሱ ከቁጥር ወደ ድምፅ ያዞራል።

ሁለተኛው ዕቃ አምፕሊፋየር ነው። ይህ ትርጉም አያውቅም፤ የተተረጎመውን ያጎላል እንጂ። በዐረብኛ "ሙከቢር" ነው፤ በየቀኑ ከምትሰሚው "ከቢር" ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ገበያ ላይ የምታያቸው ጣት የሚያካክሉት ማገናኛዎች፣ ቺፕ ካላቸው፣ ሁለቱንም በአንድነት የያዙ ናቸው።

የድሮ ስልኮች ይህንን ሁሉ በሆዳቸው ይዘው በክቧ ቀዳዳ ያወጡልሽ ነበር። አፕል በ2016 ከአይፎን 7 ላይ ቀዳዳዋን አነሣ። ሳምሰንግም በ2019 ከኖት 10 ጀምሮ በውድ ስልኮቹ ላይ ተወው፤ በኋላም መካከለኛ ዋጋ ካላቸው ብዙዎቹ ላይ ቀረ። ስለዚህ ለኢርፎን የሚተረጉመው ቺፕ አሁን ከስልኩ ውጭ፣ በማገናኛው ውስጥ መኖር አለበት።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ገበያ ላይ መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ዓይነት ማገናኛ አለ። አንዱ ቺፕ አለው። ሌላው ባዶ ሽቦ ነው። ባዶ ሽቦው የሚሠራው የተተረጎመ ድምፅ በቻርጀር ቀዳዳቸው ለሚያወጡ ስልኮች ብቻ ነው፤ አንዳንድ የሁዋዌና የሻዎሚ ስልኮች እንዲህ ነበሩ። ቀዳዳ በሌላቸው የሳምሰንግ ስልኮችና በአይፎን 15 ላይ ግን ባዶ ሽቦ አይሠራም። ስልኩ ምንም እንዳልተሰካበት ቆጥሮ ድምፁን በስፒከር ይለቀዋል። የወሎዋ ልጅ ስልክ ሳምሰንግ ነበር፤ የገዛችውም ባዶ ሽቦ።

ስለዚህ ሰክተሽ ድምፁ በስፒከር ከወጣ፣ "ስልክሽ ተበላሽቷል" የሚልሽን ወዲያው አትመኚ። መጀመሪያ ቺፕ ባለው ማገናኛ ሞክሪው።

አራት ጥያቄ ለራስሽ

የመጀመሪያው፣ የስልክሽ ቀዳዳ የትኛው ነው? አይፎን እስከ 14 ድረስ ላይትኒንግ የሚባለው ጠባቡ ነው፤ በ2023 ከወጣው ከአይፎን 15 ጀምሮና በአዳዲስ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ዩ ኤስ ቢ ሲ ነው። ለአይፎን አፕል ራሱ የሚሸጠው ትንሽ ማገናኛ ቺፕ ያለው ሲሆን አሜሪካ ውስጥ ዋጋው 9 ዶላር ነው፤ ወደ 34 የሳዑዲ ሪያል ማለት ነው። ለዚህ ዋጋ ድምፁ በጣም ንጹሕ ነው። ነገር ግን ይኸው ማገናኛ በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ድምፁ ዝቅ ይላል። አንድሮይድ ከያዝሽ ለአንድሮይድ የተሠራውን ፈልጊ።

ሁለተኛው፣ ማይኩ ይሠራል ወይ? ለእኛ ሰው ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ስለ ዳክ የሚያወሩ ሰዎች ብዙዎቹ ሙዚቃ ብቻ የሚሰሙ ስለሆኑ ጉዳዩን አያነሡትም። ውድና የሚያብረቀርቁ ከሆኑት ዳኮች ብዙዎቹ የኢርፎኑን ማይክ አይቀበሉም። በሁለተኛው ሱቅ ሻጩ 120 ሪያል የሚያወጣ የብረት ዳክ አመጣልን። ድምፁ እውነትም ያምር ነበር። ነገር ግን በኢሞ ስንደውል የኢርፎኑ ማይክ ዝም አለ፤ ለመናገር ስልኩን አፏ ድረስ መያዝ ነበረባት። ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና በሹክሹክታ ለምታወራ ሴት ይህ ምን ይጠቅማታል?

ሦስተኛው፣ ማዳመጫሽ ምን ያህል ኃይል ይፈልጋል? የተለመዱት ኢርፎኖች ከ16 እስከ 32 ኦም ናቸው፤ ካርቶናቸው ላይ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ለእነዚህ ትንሿ ማገናኛ ትበቃለች። ልዩ አምፕሊፋየር የሚፈልጉት ለስቱዲዮና ለረጋ ማዳመጥ የተሠሩት ትልልቆቹ ናቸው፤ ለምሳሌ የሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ማዳመጫ 300 ኦም ነው። እንዲህ ያለው ከሌለሽ "አምፕ ያለው ነው" ተብሎ ለሚጨመርብሽ ገንዘብ ምክንያት የለሽም። እንዲያውም ኃይለኛ አምፕ ላይ ስስ ኢርፎን ሲሰካ ከበስተጀርባ "ሽሽሽ" የሚል ድምፅ ሊሰማ ይችላል።

አራተኛው፣ ባትሪውስ? ማገናኛው የሚጠጣው ከስልክሽ ባትሪ ነው፤ ትልቁ ዳክ ደግሞ የበለጠ ይጠጣል። ማገናኛው እንደተሰካም ቻርጅ ማድረግ አትችዪም፤ ለዚህ ሁለት ቀዳዳ ያለው ዓይነት ያስፈልጋል። ኤደን ውስጥ በበጋ መብራት ለረጅም ሰዓት ስለሚጠፋ የወሎዋ ልጅ ይህንን ከእኔ በፊት አስባዋለች። ብሉቱዝ ኢርፎን ያልፈለገችውም ለዚህ ነበር፦ "ስልኩን ቻርጅ ማድረግ ነው የቸገረኝ፣ ጆሮዬን ደግሞ ቻርጅ ላድርግ?" አለችኝ።

ካርቶኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች

ባለ ሱቁ ካርቶኑን አዙሮ "32 ቢት፣ 384 ኪሎ ኸርዝ" የሚለውን ያሳይሻል። አትደንግጪ። በ1982 የወጣው ሲዲ 16 ቢትና 44.1 ኪሎ ኸርዝ ነው፤ ይህም የሰው ጆሮ የሚሰማውን፣ እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ለመሸፈን ተብሎ የተመረጠ ነው። ዩቲዩብ ደግሞ ድምፁን ጨምቆ ነው የሚልክልሽ፤ በዋትሳፕና በኢሞ የሚመጣው ድምፅም ይበልጡን የተጨመቀ ነው። ተርጓሚ ያልተባለውን ሊጨምር አይችልም። በድሮ ሸክላ ወይም በካሴት ተቀድቶ፣ ከዚያ ዩቲዩብ ላይ የተጫነውን የአዲስ አበባ ዘፈን የትኛውም ዳክ አዲስ አያደርገውም።

ውዱ ዳክ ማታለያ ነው እያልኩሽ አይደለም። ጥሩ ማዳመጫ ካለሽ፣ ያልተጨመቀ ሙዚቃ ከሰማሽ፣ እንደ ፊዮ ያሉ ድርጅቶች 30 ዶላር አካባቢ የሚሸጧቸው ትንንሽ ዳኮች ደስ ይሉሻል። ሙዚቃ መውደድ ለባለ ቤቶቹ ብቻ የተፈቀደ አይደለም። ግን ቅደም ተከተሉን ጠብቂ። ትርፍ ገንዘብ ካለሽ መጀመሪያ የተሻለ ኢርፎን ግዢ፤ ልዩነቱን በጆሮሽ የምትሰሚው እዚያ ነው። ዳኩ ከዚያ በኋላ ይድረስ።

ሱቅ ገብተሽ የምትዪው

ብዙዎቻችን ዕቃው ሳይሆን ቋንቋው ነው የሚያሸንፈን። እነዚህን ያዢ።

"ፊሃ ማይክ?" ማይክ አላት ወይ ማለት ነው። "ተሽተጊል ዐላ ሳምሱንግ?" በሳምሰንግ ላይ ትሠራለች? "ለው ሰመሕት፣ አጀሪብሃ አወል" እባክህ፣ መጀመሪያ ልሞክራት። "ኢዛ ማ ተሽተጊል፣ አረጂዕሃ?" ካልሠራች እመልሳታለሁ? "አስሊ ወላ ተቅሊድ?" እውነተኛ ናት ወይስ አስመስሎ የተሠራች? በመጨረሻም "ፋቱራ"፣ ደረሰኝ። ያለ ፋቱራ የተገዛ ዕቃ መመለሻ የለውም። "ዳማን" ያለው ከሆነም፣ ማለትም ዋስትና ካለው፣ በወረቀቱ ላይ ይጻፍልሽ።

ስትሞክሪው ሦስት ነገር አድርጊ። የስልክሽን ከቨር ሳታወልቂ ሰኪው፤ ከቨሩ ወፍራም ከሆነ እስከ መጨረሻው ላይገባ ይችላል። አንድ የመጣልሽን የድምፅ መልእክት ክፈቺና በሁለቱም ጆሮ ስሚው። ከዚያም ራስሽ መልእክት ቀድተሽ መልሰሽ አዳምጪ። ሦስቱም ከሆኑ ክፈዪ። ቤት ከገባሽ በኋላም ማገናኛው እንደተሰካ ስልኩን ኪስ ውስጥ አትጨምሪው፤ ሲታጠፍ የሚላላው የስልክሽ ቀዳዳ ነው፣ እሱን ማሠራት ደግሞ ከማገናኛው ዋጋ ይበልጣል።

ስለ ጆሮሽም ላሳስብሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ልክ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር የተፈቀደው ሰዓት በጣም ያጥራል። የቫኪዩሙን ጩኸት ለማሸነፍ ብለሽ ድምፁን እስከ ጫፍ አትልቀቂው። ሥራ ላይ ሕፃን ወይም ታማሚ የምትጠብቂ ከሆነ ደግሞ አንዱን ጆሮሽን ክፍት አድርጊ፤ ሲጠሩሽ አለመስማትሽ የሚያመጣውን ጣጣ አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ።

የወሎዋ ልጅ በመጨረሻ የገዛችው 25 ሪያል የሚያወጣ፣ ቺፕም ማይክም ያለው ተራ ማገናኛ ነው። ባለ ሱቁ የብረቱን ዳክ ወደ መስታወቱ ሲመልስ ፊቱ ብዙም አልከፋውም። እሷ እዚያው ቆማ ቀዳች፦ "እማ፣ አሁን ይሰማሻል?" ፋቱራውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣን። ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ላይ ስልኳ ጮኸ። አንዱን ኢርፎን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ሌላውን እሷ አደረገች።

"ኧረ ይሰማኛል፣ ልጄ" አሉ እናቷ። "ምነው ዛሬ ድምፅሽ ቀረበኝ?"