የግቢ ቲማቲምና የገበያ ቲማቲም

በልደታ ሰፈር የቲማቲም ነገር በተነሣ ቍጥር፣ የገበያው እንደ ግቢው አይጣፍጥም ሲባል እንሰማለን። ምክንያቱ ሲጠየቅም ማዳበሪያና የተባይ መድኃኒት ይወቀሳሉ። ለእኛ ግን ዋናው ምክንያት ፍሬው የተቀጠፈበት ጊዜ ሆኖ ይታየናል።

ወደ አዲስ አበባ ከሚገባው ቲማቲም ብዙው ከስምጥ ሸለቆ፣ ይኸውም ከመቂ፣ ከዝዋይና ከቆቃ አካባቢ በመስኖ ለምቶ የሚመጣ ነው። በእንጨት ሣጥን ተደራርቦ በጭነት መኪና ስለሚጓዝ፣ በሚገባ የበሰለ እንደ ሆነ መንገድ ላይ ይፈርጣል። ስለዚህ ገበሬው ገና መቅላት ሲጀምር ይቀጥፈዋል። ፍሬው ከተቀጠፈ በኋላም ኤትሊን የሚባለውን ጋዝ ከራሱ እያወጣ ይቀላል፤ ነገር ግን ስኳር ይልክለት ከነበረው ቅጠል ስለ ተለየ ጣፋጭነቱ እምብዛም አይጨምርም። ገዢውም በመልኩ ይታለላል።

ዘሩም ድርሻ አለው። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ2012 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳስረዳው፣ አዳቃዮች ፍሬው ከዳር እስከ ዳር እኩል እንዲቀላ ሲሉ የመረጡት ጠባይ የጥሬውን ፍሬ አረንጓዴነት ያሳሳል፤ ከዚሁም ጋራ ስኳሩን ይቀንሳል። በ2016 ደግሞ የፍሎሪዳ ተመራማሪዎች በ5 ዲግሪ ለ7 ቀን የቆየ ቲማቲም ስኳሩ ሳይጓደል መዓዛው እንደሚጠፋ አሳይተዋል። እንግዲህ የግቢውንም ቢሆን ፍሪጅ ያበላሸዋል ማለት ነው።

መድኃኒቱ ጉዳት የለውም ማለታችን አይደለም። ቱታ አብሶሉታ የተባለችው ተባይ በዚያው በ2012 በአገራችን ከታየች ወዲህ ርጭቱ በዝቷል። ይህ ግን የጤና ጉዳይ እንጂ የጣዕም ጉዳይ አይደለም፤ ፍሬውን በሚገባ ማጠብ ይገባል።

በሌላው በኩል ልደታ ለቲማቲም የተመቸ ስፍራ አይደለም። ከፍታው 2,300 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ በጥቅምትና በኅዳር የሌሊቱ ብርድ አበባውን ያረግፈዋል፤ በክረምትም ድንችን የሚያጠቃው በሽታ ቅጠሉን ያጠቍረዋል። አሮጌዎቹ መንደሮች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ከተሠራ ወዲህ ደግሞ ግቢ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ቢሆንም ፀሐይ በሚያገኝ በረንዳ ላይ፣ ከሥሩ በተበሳ ባልዲ አንድ ሁለት እግር ማሳደግ ይቻላል። ከዝናብ መጠለሉና ቀን የሞቀው ግድግዳ ሌሊት ሙቀቱን መመለሱ ይጠቅመዋል።

ለወጥ የገበያው ይበቃል፤ ሽንኵርቱና በርበሬው ጕድለቱን ይሸፍኑለታል። በጥሬው ለሚበላ፣ ለምሳሌ ለጾም ቀን ቲማቲም ፍትፍት፣ የበረንዳው ይመረጣል። እርሱ የሌለው ሰው ከገበያ ሙሉ በሙሉ ሊቀላ የተቃረበውን መርጦ፣ ከፍሪጅ ውጭ ሁለት ሦስት ቀን ያቆየው።