እርዱ ሳይቁላላ ወተቱ አይግባ

እርድ በወተት ቀምሰው «ይቅርብኝ» ያሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ምክንያታቸውም ተቀራራቢ ነው፦ አፈር አፈር ይላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ከብርጭቆው ግርጌ ዱቄት ይዘቅጣል። ልክ ናቸው። የፈላ ወተት ብርጭቆ ውስጥ ተቀድቶ፣ እርድ በላዩ ተነስንሶ፣ በማንኪያ ተማስሎ ሲቀርብ ከዚህ የተሻለ ጣዕም አይጠበቅም። እርዱም ወተቱም ጥፋት የለባቸውም። እርዱ ጥሬውን ነው የተጠጣው።

ይህን ለኢትዮጵያዊት ባለሙያ ማስረዳት አያስፈልግም። የክክ አልጫ ስትሠራ እርዱ መቼ እንደሚገባ ታውቃለች። ሽንኩርቱ ከበሰለ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ከተጨመሩ በኋላ እርዱ እዚያው ዘይት ውስጥ ለአፍታ ይቁላላል፤ ጥሬ ሽታው ሲጠፋ ክኩ ይከተላል። አልጫውን ከምድጃ አውርዶ እርድ የሚነሰንስበት ሰው የለም። ያው ሙያ ወደ ወተቱ ድስት ሲሻገር መጠጡ ሌላ መጠጥ ይሆናል፤ ልስልስ ያለ፣ መዓዛው ከሩቅ የሚጠራ፣ ጣዕሙ አፍ ላይ የሚቆይ።

መጠጡ የህንድ ነው። በሰሜኑ ክፍል ሀልዲ ዱድ፣ በታሚል ናዱ ደግሞ ማንጃል ፓል ይሉታል። ልጅ ሲያስለው፣ ጉሮሮው ሲቆስል፣ ሲጫወት ወድቆ ጉልበቱ ሲላላጥ፣ አዋቂም ደክሞት ሲገባ እናት ወይም አያት ድስት ትጥዳለች። የብዙው ቤት አሠራር አጭር ነው፦ ወተት፣ እርድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ማጣፈጫውም ስኳር ወይም ጃገሪ የሚባለው ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር። ዝንጅብል፣ ሄልና ቀረፋ እንደየቤቱ ልማድ ይገባሉ። በዚያ አገር እርድ ማጀት ውስጥ ብቻ ተወስኖ አይቀርም። ከሠርግ በፊት ሙሽራውና ሙሽሪት በተለወሰ እርድ ፊታቸውንና እጃቸውን ይቀባሉ፤ ቁስል ላይም ይደረጋል። በታሚል ናዱ የምትገኘው የኢሮድ ከተማ ዋና መታወቂያዋ የእርድ ገበያዋ ነው።

ይህ የእናቶች እውቀት አንድ ጊዜ ፍርድ ፊት ቀርቦ ነበር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1995 የአሜሪካ የፓተንት መሥሪያ ቤት እርድን ቁስል ለማዳን የመጠቀም መብት ለሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ሰጠ። የህንድ የሳይንስና የኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት ጉዳዩን ይዞ ተከራከረ። የያዘው ማስረጃ ጥንታዊ የሳንስክሪት ጽሑፎችንና በ1953 በህንድ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ ጽሑፍን ይጨምር ነበር። አዲስ ግኝት የተባለው ነገር አዲስ እንዳልሆነ ተረጋግጦ ፓተንቱ በ1997 ተሻረ። ባህላዊ እውቀት የባለቤት ያለህ ብሎ ያሸነፈበት ይህ ክርክር ኮረሪማና ጤፍ፣ ኮሶና ጌሾ ላለው እንደ እኛ ላለ አገር ሊረሳ የማይገባው ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2015 እና 2016 ወዲህ ደግሞ መጠጡ «ወርቃማ ወተት» ተብሎ የለንደን፣ የሲድኒና የሳን ፍራንሲስኮ ካፌዎች ውስጥ ገባ። በመስፋፋቱ ቅሬታ የለኝም፤ ጥሩ ነገር ይዙር። የማዝነው አብዛኛው የሚቀርበው ከስኳር ጋር ታሽጎ የመጣ ዱቄት በትኩስ ወተት ተመቶ በመሆኑ ነው። መጠጡ ስሙን ይዞ ሙያውን አገር ቤት ጥሎ ወጣ።

እኛ ግን ቅመሙ ደጃችን ነው። እርድ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በቴፒ፣ በሸካና በቤንች አካባቢ በደንብ ይበቅላል። ከዝንጅብል ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ የአገራችን ኮረሪማም ከዚሁ ቤተሰብ ይመደባል። ሦስቱ በአንድ ድስት ሲገናኙ የሚስማሙት ለዚህ ይመስለኛል። ሥሩ ከመሬት ሲወጣ ይታጠባል፣ ይቀቀላል፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። በደንብ የደረቀ እርድ እንደ ድንጋይ ጠጣር ነው፤ ሁለቱን ሲያጋጩት ይንኳኳል፣ ሲሰበርም ቀጭ ይላል። ስብራቱ ላይ የሚታየው ቀለም ጠቆር ያለ ብርቱካናማ ሊሆን ይገባዋል። ሲሰበር የሚታጠፍ ከሆነ አልደረቀም፤ ቆይቶ ይሻግታል።

ሳይፈጭ ግዙ የምለው ለመዓዛው ብቻ አይደለም። የተፈጨ እርድ ቀለሙ እንዲደምቅ ሊድ ክሮሜት የሚባል፣ እርሳስ ያለበት የኢንዱስትሪ ቀለም የሚቀላቀልበት ጊዜ አለ። በባንግላዴሽ ተመራማሪዎች ይህን ችግር ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ አደረጉ፤ የአገሪቱ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ገበያዎችን ፈተሸ፣ ነጋዴዎችን ቀጣ፣ ሕዝቡን አስጠነቀቀ፤ በ2021 ከገበያ በተወሰዱ ናሙናዎች ውስጥ ቀለሙ አልተገኘም። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ የሚቻለው ሰው ሥሩን ገዝቶ፣ በሙቀጫ ሰባብሮ፣ ወፍጮ ቤት ወይም በቤት መፍጫ አስፈጭቶ፣ ብርሃን በማያገኘው ዕቃ ከድኖ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ወገኖች በየሱቁ ኩርኩም ብለው፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉትም ከህንድ መደብር ሀልዲ ብለው ቢጠይቁ ያልተፈጨውን ያገኙታል።

አሁን ወደ ምድጃው። ለሁለት ሰው ግማሽ ሊትር ወተት ይበቃል። አንድ የሻይ ማንኪያ ያልሞላ እርድ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል፣ የአንድ ኮረሪማ ፍሬ፣ አንድ ስንጥር ቀረፋ፣ ሦስት ወይም አራት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ለጋ ቅቤ፣ ለማጣፈጫ ማር። ቅቤው ያልተነጠረ ወይም ያለ ቅመም የተነጠረ ይሁን። የወጥ ቅቤ ኮሰረትና በሶብላ አለበት፤ ወተቱን ወደ ክትፎ ይወስደዋል። ቁንዶ በርበሬውና ኮረሪማው አብረው ይወቀጡ፤ ኮረሪማው በስሱ ከታመሰ ደግሞ የተሻለ ነው።

ወፍራም ድስት በዝግተኛ እሳት ይጣዱ። ቅቤው ሲቀልጥ ቀረፋው፣ ቁንዶ በርበሬውና ኮረሪማው ይግቡ፤ መዓዛቸው ሲነሣ እርዱን ይጨምሩ። እዚህ ላይ ከምድጃው አጠገብ መራቅ የለም። ዱቄቱ መጀመሪያ ደረቅና ደማቅ ቢጫ ነው፤ ቅቤው ሲይዘው ወደ ብርቱካናማ ይጠጋል፣ ዳር ዳሩ ላይ ደቃቅ አረፋ ያወጣል፣ አፈር አፈር የሚለው ሽታ ቀስ በቀስ ለቅቆ ሞቅ ያለ፣ ብርቱካን ልጣጭ ትንሽ የሚያስታውስ መዓዛ ይተካል። ይህ ሁሉ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ከዚያ ከቆየ ያርራል፤ ያረረ እርድ መራራ ነው፣ ማርም አይመልሰውም። የእርድ ቀለምና ጣዕም ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፣ ቅባት ውስጥ ግን ይሟሟል፤ ቅቤው የገባው ለዚህ ነው።

ወዲያው ግማሽ የቡና ሲኒ ውሃና የተፈቀፈቀውን ዝንጅብል ይጨምሩ፤ አምስት ደቂቃ ይንተክተክ። ይህን ደረጃ የሚዘልሉ ብዙዎች ናቸው፤ ኋላ ወተቱ ሲቆራረጥባቸው «ወተቱ የቆየ ነው» ብለው ባለ ሱቁን ይወቅሳሉ። ጥሬ ዝንጅብል ፕሮቲንን የሚሰባብር ኢንዛይም አለው፤ ለብ ባለ ወተት ውስጥ ሲገባ ወተቱን ወደ አይብነት ይወስደዋል። ቻይናውያን ይህንኑ ጠባዩን ተጠቅመው የሚረጋ የዝንጅብል ወተት ይሠሩበታል። ዝንጅብሉ ቀድሞ በውሃ ከፈላ ግን ኢንዛይሙ ይሞታል፣ ጣዕሙ ይቀራል። እግረ መንገዱንም እርዱ ውሃ ጠጥቶ ይልማል፤ ብርጭቆ ግርጌ የሚዘቅጠው ዱቄት ይቀንሳል።

ውሃው ሊያልቅ ሲል ወተቱን ቀስ እያደረጉ ያፍስሱ፤ መጀመሪያ ጥቂት፣ ካማሰሉ በኋላ የቀረውን። ከላም ባለቤት በቀጥታ የመጣ ወተት ከሆነ በደንብ መፍላት አለበት፤ የታሸገውን ግን ሊፈላ ሲል ዝቅ አድርጎ አሥር ደቂቃ ያህል ማቆየት ይበቃል። ስቡ ያልወጣለት ወተት ይሁን፤ በዚህ መጠጥ ውስጥ ስቡ ሥራ አለው። ላዩ ላይ የሚሠራውን ስልባቦት አውጥቶ የሚጥል አለ፤ እኔ መልሼ አማስለዋለሁ፣ የቅመሙ መዓዛ እሱ ላይ ነው የሚጠራቀመው። ቀለሙ የበሰለ ማንጎ ሲመስል ያውርዱና በወንፊት ያጥልሉ። ማሩ የሚገባው ትንሽ በረድ ካለ በኋላ ነው፤ የማሩ መዓዛ በእሳት ይጠፋል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ያለበት ነገር አይሰጥም። ነጭ ልብስ ለብሰው አይሥሩ። ከተንጠባጠበ ግን ልብሱን አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው፤ የእርድ ቀለም ብርሃን አይችልም፣ እየለቀቀ ይሄዳል።

ስለ ጤናው ብዙ ይባላል፤ ከሚባለውም አብዛኛው ከልክ ያለፈ ነው። በእርድ ውስጥ ቢጫ የሚያደርገው ከርኩሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲሆን ከዱቄቱ ክብደት ሦስት በመቶ ገደማ ነው። አንጀት እሱን በቀላሉ አይቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ1998 በህንድ የባንጋሎር ተመራማሪዎች 2 ግራም ከርኩሚን ከ20 ሚሊ ግራም ፒፐሪን ጋር ሲሰጥ ወደ ደም የሚደርሰው መጠን በ20 እጥፍ ያህል እንደሚጨምር አሳዩ፤ ፒፐሪን ቁንዶ በርበሬን የሚያቃጥለው ነገር ነው። ከዚያ በኋላ «እርድ ያለ ቁንዶ በርበሬ» ማለት ነውር ሆነ። ነገር ግን ሒሳቡን እንሥራው፦ 2 ግራም ከርኩሚን ለማግኘት ከ60 ግራም በላይ እርድ ያስፈልጋል። የእኛ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ከሁለት ግራም አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ2017 በሜዲሲናል ኬሚስትሪ መጽሔት የታተመ ሰፊ ግምገማም ከ120 በላይ በሰዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎችን ጠቅሶ ከርኩሚን መድኃኒትነቱ በጠንካራ ሙከራ እንዳልተረጋገጠ ደምድሟል።

ይህ መጠጡን ከክብሩ አያወርደውም። ትኩስ ነገር ጉሮሮን ያለዝባል፣ ማር ሳልን ያስታግሳል፣ ዝንጅብል ያሞቃል፣ ወተት ያጠግባል፤ ማታ ከመተኛት በፊት ቁጭ ብሎ አንድ ብርጭቆ ቀስ እያሉ መጠጣትም ራሱ ዕረፍት ነው። ካንሰር ያድናል፣ ስኳር በሽታ ያጠፋል እያለ እሽግ የሚሸጠውን ግን አትመኑት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ወይም የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው እርድን በብዛት ከመውሰዱ በፊት ሐኪሙን ቢያማክር ጥሩ ነው፤ በተለይ በእንክብል መልክ ከሆነ።

ለጾመኛ ቤትስ? በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ሙሉ ወተት አይነካም፤ ብርድ የሚበረታበት የገና ጾምም አለ። ከውጭ የሚመጣውን የአልመንድና የኮኮናት ወተት የሚገዛ ይግዛ። እኔ የምመርጠው ሱፍን ነው። ለፍትፍት እንደሚዘጋጀው ሁሉ ሱፉ በስሱ ይታመሳል፣ ይደቃል፣ በውሃ ተበጥብጦ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል፤ ነጭ፣ ቅባት ያለው፣ ወተት የሚመስል ነገር ይወጣል። እርዱ በቅቤ ፋንታ በአንድ ማንኪያ ዘይት ይቁላላል፣ ዝንጅብሉ እንደ ቀድሞው በውሃ ይንተክተካል። ልዩነቱ እሳቱ ላይ ነው፦ የሱፍ ወተት ከፈላ ውሃውና ቅባቱ ይለያያሉ፤ ስለዚህ ዳር ዳሩ እንፋሎት ማውጣት ሲጀምር፣ ሳይፈላ ይውረድ። ማጣፈጫው ተቀቅሎ የተደቆሰ ቴምር ቢሆን ደስ ይላል። አንዲት ቁንጥር ጨውም አይቅርበት፤ የሱፉን ጣዕም የምታወጣው እሷ ናት።