ፍርስራሽ ላይ የተዘረጋ የጭፈራ ወለል

ከቀኑ 6፡51 ነበር፤ የኒውዚላንዷ ክራይስትቸርች ከተማ ምሳ ላይ ናት። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2011 የመታት የመሬት መንቀጥቀጥ 185 ሰው ገደለ፤ 115ቱ ያለቁት በአንድ ሕንፃ ውስጥ ነው። መሐል ከተማው ታጥሮ ወታደር ቆመበት። አጥሩ ጨርሶ የተነሳው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ጣሪያው ለሚያፈስበት ሰው ሥዕልና ጭፈራ ምን ይፈይዱለታል? አደጋ በደረሰበት ሁሉ የሚነሳ ጥያቄ ነው፤ ተገቢም ነው።

“ጋፕ ፊለር” የተባለው የከተማዋ ማኅበር በ2012 ከልብስ ማጠቢያ ቤት የተገኘ አሮጌ ማሽን ባዶ ቦታ ላይ አቆመ። ሁለት ዶላር የከተተ ስልኩን ይሰካ ነበር፤ ድምፅ ማጉያው የመረጠውን ዘፈን ለግማሽ ሰዓት ያስተጋባ፣ መብራቱም ይበራ ነበር። ከፊቱ የጭፈራ ወለል ተዘርግቶ ነበር። በዚያው ዓመት ከተማዋን የጎበኙት የዚያን ጊዜው የብሪታንያ ልዑል ቻርልስ ሳይቀሩ ጨፍረውበታል። ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚያዘወትረው ሻይ ቤት የፈረሰበት ሰው ወደ መሐል ከተማ የሚመለስበት ምክንያት አገኘ። ወጪውም ከማንም ጣሪያ ላይ የሚቀነስ አልነበረም።

ሐዘኑስ? ሠዓሊው ፒተር ማጄንዲ 185 ወንበሮች ሰበሰበ፤ ሁሉም በእጅ ሁለት ሁለት ጊዜ ነጭ ቀለም ተቀቡ። የምግብ ጠረጴዛ ወንበር አለ፣ ባለ መደገፊያ ሶፋ አለ፣ ተሽከርካሪ ወንበር አለ፤ የሕፃን መቀመጫም አለ። አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ ሟቾቹም አይመሳሰሉም ነበርና። በእኛ ለቅሶ ቤት የእድሩ ወንበር የሚደረደረው ለአስተዛዛኙ ነው፤ እዚያ የተደረደረው ለሄዱት ነው። በመጀመሪያው ሙት ዓመት፣ ለአጭር ጊዜ ተብሎ የቆመው ይህ ሥራ ለዓመታት ቆየ። መንግሥት ያሠራው የእብነ በረድ መታሰቢያ የተመረቀው ግን በ2017 ነው። ሐዘንተኛው አምስት ዓመት ሙሉ የሚሄድበት ቦታ ነበረው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የመድን ካሳ ክርክርን አላሳጠረም፤ ብዙ ቤተሰብ ለዓመታት ተንገላቷል። ከአደጋው በኋላ በየግድግዳው ከተሳሉት ግዙፍ ሥዕሎችም አንዳንዶቹ ዛሬ ከአዳዲስ ሕንፃዎች ጀርባ ተሸፍነዋል።

በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 22 የክራይስትቸርች ነዋሪዎች የመንገድ ሥራ ምልክት በሆኑት ብርቱካናማ ኮኖች አናት ላይ አበባ ይሰካሉ።