መምህሩን በሥራው የሚያጸናው ምንድን ነው?

ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን በየመሥሪያ ቤቱ የተበተንን ወጣቶች በተገናኘን ቁጥር ከምናነሣቸው ጉዳዮች አንዱ የመምህራን ነገር ነው። እገሌ ማስተማሩን ትቶ ሌላ ሥራ ያዘ ሲባል እንሰማለን፤ ወዲያውም ምክንያቱ ደመወዝ ነው ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። በርግጥ ደመወዝ ቀላል ነገር አይደለም፤ የቤት ኪራይና የልጆች ቀለብ የሚያሳስበው ሰው ልቡን ሰብስቦ መጽሐፍ ሊመረምር አይችልም። ነገር ግን በዚያው ደመወዝና በዚያው ችግር ውስጥ ሆነው ዕድሜያቸውን ለሥራቸው የሰጡ መምህራን መኖራቸውን ስናይ፣ ሌላም የሚይዛቸው ነገር እንዳለ እንረዳለን።

ይህ ነገር ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የዶክተር አክሊሉ ለማን ሥራ መመልከት ይጠቅማል። ዶክተር አክሊሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄደው ነበር። የዚህ በሽታ ትል ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ይራባል። እርሳቸውም ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን ተመለከቱ። እንዶድን እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ስለሚያውቁት ሌላው ሰው አይቶት ባለፈ ነበር፤ ዶክተሩ ግን ቀንድ አውጣዎቹ ለምን እንደ ሞቱ ጠየቁ።

ጥያቄውም ያዛቸው። በ1966 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ምርምሩ ቤት አገኘ፤ የዕፀዋት ሊቅ የሆኑት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም የሥራው ባልደረባ ሆኑ። የውጭ አገር ሊቃውንት ግኝቱን ለብዙ ዓመታት በጥርጣሬ ቢመለከቱትም ሁለቱ አልተዉትም። ዶክተር አክሊሉ በኋላ ወደ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሥራ ቢዛወሩ እንኳ እንዶድን አልረሱም። በ1989 ዓ.ም. ሁለቱም በስዊድን አገር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ኢንስቲትዩቱም ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል።

ከዚህ እንደምንረዳው መምህርን በሥራው የሚያጸኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የራሱ የሆነ ጥያቄ፣ አብሮት የሚደክም ባልደረባ፣ ጥያቄውን የሚከታተልበት ጊዜና መሣሪያ። የመጀመሪያውን ማንም ሊሰጠው አይችልም። የቀሩት ግን በሌሎች ሰዎች እጅ ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል እኛ አለንበት።

በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ወጣቶች ይህን ልናስብ ይገባል። ለቤተ ሙከራ የሚያስፈልግ ኬሚካል እንዲገዛ የተጻፈ ደብዳቤ በጠረጴዛችን ላይ ሲከርም፣ ከዕቃው ጋራ የአንድ ሰው ጥያቄም ይዘገያል፤ ብዙ የዘገየ ጥያቄም ይቀዘቅዛል። ጥያቄው የቀዘቀዘበት መምህር ደግሞ በስም በክፍሉ ቢኖርም በልቡ ከወጣ ቆይቷል፤ ያረጀ ማስታወሻውን በየዓመቱ እያነበበ ደመወዙን ይጠብቃል።

ተማሪዎችም ድርሻ አላቸው። የተነገረውን ቃል በቃል ጽፎ ለፈተና ብቻ የሚመልስ ተማሪ መምህሩን ያሰለቸዋል። እጁን አንሥቶ መምህሩ ያላሰበበትን ነገር የሚጠይቅ ተማሪ ግን ያንኑ ሌሊት መጽሐፍ ያስገልጠዋል።

የመምህራንን ኑሮ ማሻሻል በጀትና ጊዜ ይጠይቃል፤ መሻሻሉም አስፈላጊ ነው። በጠረጴዛችን ላይ ያለውን ደብዳቤ ነገ ጠዋት ፈርሞ መላክ ግን ከእኛ ትጋት በቀር ምንም አይጠይቅም።