የፍላሽ ብርሃን ለምን ለሁሉም እኩል አይደርስም?

በምርቃትና በሰርግ ሰሞን ከጓደኞቼ ደጋግሜ የምሰማው አቤቱታ አለ። «ካሜራው ተበላሽቷል፤ የፊቱ ሰው ወረቀት መሰለ፣ የኋላው ደግሞ ጠቆረ» ይላሉ። የፊዚክስ ተማሪ በመሆኔ፣ በትርፍ ጊዜዬም ፎቶ ስለማነሳ፣ ነገሩን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማብራራት እሞክራለሁ። ብዙውን ጊዜ ካሜራው ምንም አልሆነም። የጨለማውን ቅርጽ ካስተዋልን ምክንያቱን ማወቅ እንችላለን።

የመጀመሪያው ምክንያት ርቀት ነው። ኬፕለር በ1604 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የብርሃን ጥናት እንዳሰፈረው፣ ከአንድ ነጥብ የሚነሳ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ወደ ሩብ ይወርዳል። በክፍል ውስጥ ኢንቨርስ ስኩዌር የምንለው ሕግ ማለት ነው። ሰርገኞች በሁለት ረድፍ ቆሙ እንበል፤ የፊተኛው ረድፍ ከፍላሹ 1.5 ሜትር፣ የኋለኛው 3 ሜትር ይርቃል። የኋለኞቹ የሚያገኙት የፊተኞቹን ሩብ ብቻ ነው። አሁን ሰዎቹ ሳይነቃነቁ አንሺው 2.5 ሜትር ወደ ኋላ ይሂድ። ርቀቱ 4 እና 5.5 ሜትር ስለሚሆን የኋለኞቹ ከግማሽ በላይ ያገኛሉ። ከዚያ በዙም ማቅረብ ነው። ፍላሹ ስለራቀ ግን አይ.ኤስ.ኦውን ከ100 ወደ 400 ወይም 800 ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ከኋላ የሚቀሩት ደግሞ ብዙ ጊዜ «ወደ ፊት ይምጡ» ሲባሉ የሚግደረደሩት ሽማግሌዎች ናቸው። አንዳንዶቹ በዓመት አንዴ እንኳ ፎቶ አይነሱም። ያ የጠቆረ ፊት ነገ ልጆቻቸው የሚፈልጉት ብቸኛ ምስል ሊሆን ይችላል። «አባባ፣ እስኪ ወደ ሙሽራው ጠጋ ይበሉልኝ» ማለት ምንም ወጪ የለውም፤ ከውድ ፍላሽም ይበልጣል።

ሁለተኛው ልብስ ነው። አውቶማቲክ ፍላሽ ከዋናው ብልጭታ በፊት ትንሽ ብርሃን ልኮ የሚመለሰውን ይለካል። ነጭ ጋቢና ነጠላ ብዙ ብርሃን ስለሚመልሱ ካሜራው «በቃ፣ በቂ ነው» ብሎ ኃይሉን ይቀንሳል፤ ፊት ይጨልማል። ያን ጊዜ የፍላሹን ማስተካከያ ወደ +1 ከፍ ማድረግ ነው። ጥቁር የምርቃት ጋውን ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ፊት ከልክ በላይ ይነጣል፣ ስለዚህ መቀነስ ነው።

ሦስተኛው የመሣሪያው አቀማመጥ ነው። ከምስሉ ሥር መሐል ላይ ግማሽ ክብ ጥላ ከታየ፣ የሌንሱ ኮፍያ ወይም ረጅሙ ሌንስ ራሱ የካሜራውን ፍላሽ ጋርዶታል። አራቱም ማዕዘን ከጨለመ፣ ከላይ የሚሰካው ፍላሽ ጨረሩን አጥብቦ ነው፤ ሌንሱ 24 ሚሊሜትር ላይ ሆኖ ፍላሹ 105 ላይ ከቀረ እንዲህ ይሆናል። በቀጥታ መስመር የተቆረጠ ጥቁር ቀበቶ ካያችሁ ግን ሻተሩ ፈጥኗል። በብዙ ካሜራዎች ከ1/200 ወይም ከ1/250 ሴኮንድ በላይ ሲፈጥን፣ ብልጭታው በሚበራበት ቅጽበት የሻተሩ መጋረጃ የሴንሰሩን ከፊል ይሸፍናል። ፍጥነቱን ዝቅ ስታደርጉ ቀበቶው ይጠፋል።

ፍላሹን ወደ ጣራ አዙሮ ብርሃኑን ማንጠር ጥሩ ዘዴ ነው፤ ጣራው ነጭና ዝቅ ያለ ከሆነ ማለቴ ነው። የሰርግ ዳስ በሰማያዊ ሸራ ከተሸፈነ ግን የሰዉ ፊት ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል። ጭስ ያጠቆረው የሣር ክዳን ደግሞ ብርሃኑን ውጦ ያስቀረዋል። እንዲህ ባለ ቦታ በጎን በኩል ነጭ ነጠላ አስወጥሮ ብርሃኑን በእሱ ላይ ማንጠር ይቻላል።

የአገራችንን አየርም አንርሳ። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በክረምት ጉም ይወርድባታል። ፍላሽ በጉም ውስጥ ሲበራ ለካሜራው የቀረቡት ጠብታዎች ብርሃኑን መልሰው ስለሚረጩት ምስሉ ነጭ መጋረጃ ይለብሳል። መፍትሔው ፍላሹን ማጥፋት፣ ካልሆነም ከካሜራው ነጥሎ በጎን መያዝ ነው።

በቡሄ ዋዜማ ምሽት ችቦ ሲበራም ፍላሽ ብቻውን ቅርብ ያሉትን ልጆች አንጽቶ ሌላውን ጨለማ ያደርገዋል። ብልጭታው የሚቆየው ከ1/1000 ሴኮንድ ገደማ ስለማይበልጥ፣ ሻተሩን ወደ 1/15 ማዘግየት የፍላሹን መጠን አይለውጠውም፤ የችቦው ብርሃን ግን ለመግባት ጊዜ ያገኛል። እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ ግድግዳ ተደገፉ።

በመጨረሻ የማሳስበው፣ ሰዉን «አመሰግናለሁ» ብላችሁ ከማሰናበታችሁ በፊት ምስሉን በስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ የኋለኛውን ረድፍ ተመልከቱ። የፊተኛው ረድፍ አምሮ መውጣቱ ብቻ አያታልላችሁ። ከኋላ የቆሙት ሰዎች ፊት በደንብ ካልታየ፣ ገና ሳይበተኑ ድጋሚ አንሱ።