ጢስ የሚያወጣ ሞተር ሁሉ ፋሻው ያለቀ አይደለም
ስለ አሮጌ ሞተር ብስክሌት የጢስ ማውጫ ቫልቭ ጋይድ

ጥቁር ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር ከመገናኘቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በስተቀኙ ባለው በሰሜን ካርቱም፣ ካፉሪ በሚባለው ሰፈር አቅራቢያ ያልፋል። ሰፈሩ ስሙን የወረሰው አዚዝ ካፉሪ ከሚባል ባለ እርሻ ሲሆን፣ ቤት ሳይበዛበት በፊት ለከተማው ወተት የሚያቀርብ የላም እርባታ የነበረበት ቦታ ነው። በዚህ አገር ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ሃቡብ የሚባለውም የአቧራ ማዕበል ቀኑን ያጨልመዋል። ሙቀትና አቧራ ደግሞ የሞተር ዋና ጠላቶች መሆናቸው የታወቀ ነው። ከዚህም በላይ በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተነሣው ጦርነት ካፉሪንም የውጊያ ቦታ ስላደረገው፣ ብዙ ነዋሪ ተሰደደ፣ ሥራም ተፈታ። እንዲህ ባለ ጊዜ መለዋወጫ ዕቃ በቀላሉ አይገኝምና፣ ባለ ሞተር ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሞተሩን ሕመም በትክክል ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። ይህ ምክር ለካፉሪ ብቻ ሳይሆን፣ ሙቀቱና አቧራው ለሚመሳሰልባቸው ለመተማና ለሁመራ ቆላዎችም ይሠራል።

ብዙ ሰው ሞተር ብስክሌቱ ሰማያዊ ጢስ ሲያወጣ ባየ ጊዜ ወዲያው «ፋሻው አልቋል» ብሎ ይፈርዳል። ሲሊንደሩን አስወርዶ ያስቆፍራል፣ አዲስ ፒስተንና ፋሻ ይገዛል፤ ጢሱ ግን አይቀርም። ጥፋቱ ከታች ሳይሆን ከላይ፣ በቴስታታው ውስጥ ባለው ጋይድ ላይ ሊሆን ይችላልና ነው።

ጋይድ ማለት የቫልቩ ዘንግ ሳይዛነፍ እንዲመላለስ የሚይዝ፣ ከብረት ወይም ከነሐስ የተሠራ አጭር ቱቦ ነው። በዘንጉና በጋይዱ መካከል የሚኖረው ክፍተት በትንንሽ ሞተሮች የአንድ ሚሊሜትር ጥቂት መቶኛ ብቻ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር፣ በባለ አራት ምት ሞተር እያንዳንዱ ቫልቭ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይከፈታል። ከሁለቱ የሚብሰው መከራ የጢስ ማውጫው ነው። የቤንዚኑን ድብልቅ የሚያስገባው ቫልቭ በሚገባው ቀዝቃዛ አየር ሲበርድ፣ የጢስ ማውጫው ቫልቭ ግን የሚያልፍበት ሁሉ እሳት ነው። ሙቀቱን የሚያወርደው በመቀመጫውና በጋይዱ በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ጋይዱ ሲሰፋ ቫልቩ ይወዛወዛል፣ በመቀመጫው ላይ ቀጥ ብሎ አያርፍም፣ ሙቀቱንም ማስተላለፍ ይሳነዋል፤ በመጨረሻም ጠርዙ ይቃጠላል።

እንግዲህ ሞተሩን ሳይፈቱ በቅድሚያ የሚደረጉት ምርመራዎች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ጢሱ የሚወጣበትን ጊዜ መመልከት ነው። ሞተሩ ሌሊቱን ቆሞ አድሮ ጧት ሲነሣ ሰማያዊ ጢስ ለጥቂት ጊዜ አውጥቶ የሚጠራ ከሆነ፣ ዘይት በጋይዱ ወይም በቫልቩ የጎማ ማተሚያ በኩል እየተንጠባጠበ ማደሩን ያመለክታል። ረጅም ቁልቁለት ቤንዚን ተዘግቶ ከተወረደ በኋላ መልሶ ሲሰጠው የሚጤስ ከሆነ፣ የሚጠረጠረው የመግቢያው ቫልቭ ጋይድ ነው። ጭነት በያዘና ዳገት በወጣ ቁጥር ሳያቋርጥ የሚጤስ፣ በሞተሩ መተንፈሻም ጢስ የሚገፋ ከሆነ ግን፣ በእርግጥ ፋሻው ነው። በብርድ ጧት የሚታየው ነጭ እንፋሎት ግን ውሃ እንጂ ዘይት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ካንዴላውንና የጢስ ማውጫውን ቱቦ ማነጻጸር ነው። ሞተሩ ከበረደ በኋላ ካንዴላው ተፈትቶ ደረቅ ሆኖ ሲገኝ፣ ቱቦው ከቴስታታው ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ግን በዘይት ከራሰ፣ ዘይቱ ከሲሊንደሩ አልፎ የመጣ አይደለም፤ በጢስ ማውጫው ጋይድ በኩል የወረደ ነው። ካንዴላውም በዘይት ከራሰ፣ ምርመራው ወደ ፋሻው ወይም ወደ መግቢያው ጋይድ ይመለሳል።

ሦስተኛ፣ መካኒኮች ኮምፕሬሽን የሚሉትን ጭመቅ መፈተን ነው። አስቀድሞ የቫልቩን ክፍተት ፋብሪካው በመጽሐፉ በወሰነው ልክ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ጠብቆ የተቀመጠ ቫልቭ የተበላሸ ይመስላልና። ከዚያ የማስነሻውን መርገጫ ቀስ ብሎ ተጭኖ ጭመቁ ሲደርስ ያዝ ማድረግና ማዳመጥ ነው። የሚያፏጨው በማርሚታው በኩል ከሆነ የጢስ ማውጫው ቫልቭ፣ በካርቡራቶሩ በኩል ከሆነ የመግቢያው ቫልቭ፣ በሞተሩ መተንፈሻ በኩል ከሆነ ፋሻው ያፈሳል። ጭመቁ ደካማ ሲሆን በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና መሞከር ነው። ጭመቁ ከጠነከረ ጥፋቱ የፋሻው ነው፤ ካልተለወጠ የቫልቩ ነው።

አራተኛ፣ ሞተሩ ሲግል ኃይሉ የሚጠፋ፣ ሲበርድ የሚመለስ እንደሆነ ማስተዋል ነው። ይህ የሚሆነው በዘንጉ ላይ የተጋገረው ጥላሸት ቫልቩን በጋይዱ ውስጥ ሲያንቀው ነው። እንዲህ ያለው ጋይድ መጽዳት ብቻ ይበቃው ይሆናል።

ምርመራው ወደ ጋይዱ ካመለከተ ቴስታታው ይወርዳል። ቫልቩና ጋይዱ ከጥላሸት ከጸዱ በኋላ፣ ቫልቩን ከመቀመጫው ጥቂት ከፍ አድርጎ ወደ ጎን መወዝወዝ ነው። ከተወዛወዘ፣ አዲስ ቫልቭ በዚያው ጋይድ ውስጥ ይሞከራል። በአዲሱ ውዝዋዜው ከጠፋ ያለቀው ዘንጉ ነው፤ ካልጠፋ ጋይዱ ነው። ጋይዱ በቴስታታው ውስጥ ራሱ ላልቶ እንደሆነም ዙሪያውን መመርመር ይገባል፤ የላላ ጋይድ ውጭውን በዘይት ያረጥባል፣ በመዶሻ እንጨት ቀስ ተብሎ ሲመታም ይነቃነቃል።

ጋይድ መለወጥ የቶርኖ ቤት ሥራ ነው። ቴስታታው በእኩል ሙቀት ተሞቆ አሮጌው ጋይድ ተገፍቶ ይወጣል፤ አዲሱ ከገባ በኋላ ቀዳዳው በልኩ ይሞረዳል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ከዚህ በኋላ የሚሠራው ነው። አዲሱ ጋይድ ከቀድሞው መስመር ትንሽ ስለሚዛባ፣ የቫልቩ መቀመጫ እንደገና ተቆርጦ ቫልቩ በማሳያ ቅባት መታሸት አለበት። ይህ ካልተደረገ ለጋይዱ የተከፈለው ገንዘብ በከንቱ ይጠፋል። ሥራው ማለቁን ለማረጋገጥ፣ ቫልቩና ሞላው ተገጥመው ቴስታታው ይገለበጣል፣ በጢስ ማውጫው ቀዳዳም ላምባ ይፈስበታል፤ በመቀመጫው በኩል ካልሾለከ መልካም ነው። ይህ ሙከራ እሳት በሌለበት ቦታ መደረግ ይኖርበታል።

ጋይድ ቶሎ እንዳያልቅ የሚረዱት ነገሮች ቀላል ናቸው፤ የአየር ማጣሪያውን ከአቧራ ማዕበል በኋላ ማጽዳት፣ የተቀደደውን መለወጥ፣ ዘይቱን በጊዜው መቀየር፣ የቫልቩን ክፍተት አለማጥበቅ ነው። ይኸው ምርመራ ለመስኖ ውሃ መሳቢያ ባለ ቫልቭ የቤንዚን ሞተርም ያገለግላል።

አባቶች «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ። ጥቂት ጢስ በታየ ጊዜ የጧት ግማሽ ሰዓት ለምርመራ የሚሰጥ ሰው፣ በአንድ ጋይድ ዋጋ ሊድን የሚችለውን ሞተር በሙሉ ሞተር ዋጋ ከመክፈል ይድናል።