ለሁለት ሰው የሚሆን የሞተር ብስክሌት መቀመጫ

በአንድ በቅሎ ላይ ከሌላ ሰው ኋላ ተደርቦ መቀመጥ በአማርኛ መፈናጠጥ ይባላል። ኮርቻው የሚሠራው ለዋናው ተቀማጭ ስለሆነ፣ ተፈናጣጩ የሚያርፈው ከኮርቻው ውጭ ነው። የሞተር ብስክሌት ግን ለሁለቱም አንድ መቀመጫ ያቀርባል። ይሁን እንጂ መቀመጫው አርጅቶ ምትክ በሚፈለግበት ጊዜ፣ ገዢው ስለ ራሱ ብቻ አስቦ ተፈናጣጩን እንደገና ከኮርቻው ውጭ ያደርገዋል።

ለዚህ ጉዳይ በአዲስ አበባ ወደ መርካቶ፣ ወደ ተክለ ሃይማኖት ወይም ወደ ሶማሌ ተራ ብትሄዱ፣ በዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ሦስት ነገሮችን አስተውሉ።

አንደኛው ስፖንጁ ነው። ብዙ ሰዎች መቀመጫውን በአውራ ጣታቸው ተጭነው ለስላሳ ሆኖ ካገኙት ይገዙታል። ይህ ፈተና ያታልላል። ሰው ሲቀመጥ አብዛኛው ክብደቱ በሁለት የመቀመጫ አጥንቶች ላይ ያርፋል። ስፖንጁ እጅግ የሳሳ እንደሆነ በአጥንቶቹ ሥር ተጨፍልቆ ያልቃል፤ ተቀማጩም ከላሜራ ወይም ከፕላስቲክ የተሠራውን ደረቅ መሠረት ይነካል። በመጀመሪያ ጠንከር ያለ የሚመስለው ስፖንጅ ግን ክብደቱን ስለሚያከፋፍል በረጅም መንገድ ይበልጥ ያሳርፋል።

ሁለተኛው ቅርጹ ነው። ነጂው ሲቆም እግሩ መሬት እንዲደርስ ፊቱ ጠበብ፣ ተፈናጣጩ እንዲደላደል ኋላው ሰፋ ማለት አለበት። ወደፊት ያዘነበለ መቀመጫ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ተፈናጣጩን በነጂው ጀርባ ላይ ይጥለዋል። አጭር የሆነ እንደሆነ ደግሞ ተፈናጣጩን ወደ ጫፍ ይገፋዋል። ክብደቱ ወደ ኋላ በሄደ መጠን የፊተኛው ጎማ ስለሚቀል፣ ሞተሩን መምራት አስቸጋሪ ይሆናል።

ሦስተኛው ልባሱና ማያያዣው ነው። ስፌቱ በሚቀመጡበት ቦታ ላይ ያለፈ እንደሆነ የክረምት ዝናብ በመርፌው ቀዳዳ ሰርጎ ስፖንጁን ያርሰዋል። መንጠቆውና የብሎኑ ቀዳዳዎች ከሞተሩ ጋር ካልገጠሙ መቀመጫው ይነቃነቃል። ስለዚህ አሮጌውን መቀመጫ ይዛችሁ ሄዳችሁ ከአዲሱ ጋር ግልብጥ አድርጋችሁ አስተያዩ። መሠረቱ ካልተሰነጠቀና ካልዛገ ግን አዲስ መግዛት ላያስፈልግ ይችላል፤ ስፖንጁንና ልባሱን ብቻ በወንበር ሰፊ ማስለወጥ ይበቃል።

በመጨረሻም መቀመጫውን በሞተሩ ላይ አስገጥማችሁ፣ ሁለታችሁም ተቀምጣችሁ ጥቂት ቆዩ፤ አስቀድማችሁም ከኋላ ያለውን ሰው ጠይቁ። ነጂው መሪውን ይዟል፤ ጉድጓዱን አስቀድሞ አይቶ ሰውነቱን ያዘጋጃል። ተፈናጣጩ ግን መሪ አልያዘም፤ መንገዱም በነጂው ትከሻ ተጋርዶበታል። እናታችሁን ወደ ሐኪም ቤት፣ ጓደኛችሁንም ወደ ሥራ ስታደርሱ፣ እነርሱ የሚተማመኑት በእናንተና በዚያ መቀመጫ ነው።

መልመጃ
1. በአውራ ጣት መጫን አታላይ ፈተና የሚሆነው ለምንድን ነው?
2. «ከኮርቻው ውጭ ያደርገዋል» የሚለው አነጋገር በምንባቡ ውስጥ ምን ማለት ነው?
3. «ተፈናጠጠ» ከሚለው ግሥ የወጡትን ቃላት ከምንባቡ አውጥታችሁ በየዓረፍተ ነገሩ አግቡ።